አደገኛ ጨዋታና የኢንተርኔት ጣጣ፦ ከልጅ ጋር እንዴት ይወራል?

ብዙ ወላጅ ስለ አደገኛ ጨዋታ ከልጁ ጋር የሚያወራው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የሚያስደነግጥ ወሬ በሰማ ማግስት። ልጁን አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ይመክረዋል፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፣ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። ልጁ ከዚያ ምክር ይዞ የሚወጣው ግን ይህ ርዕስ ቤት ውስጥ ሲነሳ ቁጣና ድንጋጤ ተከትሎት እንደሚመጣ ነው። ነገ አንድ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚደብቀው ከእናትና አባቱ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ ያነጣጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ነገሩ ሳይባባስ መጥቶ እንዲናገር።

መጀመሪያ የምትፈሩትን ለዩ

«ስልክ አደገኛ ነው» ማለት ለልጅ ምንም ትርጉም የለውም። ስልኩ ለእሱ ጓደኛው፣ ኳሱ፣ ዘፈኑ፣ የቤት ሥራው ነው። አደጋው ሰውነት ላይ የሚደርስ ነው? ከማያውቁት ሰው የሚመጣ ነው? ወይስ ገንዘብና አካውንት የሚያስነጥቅ ነው? ለየብቻቸው ይወራሉ፤ በአንድ ቀን ከተደበላለቁ ልጁ አንዱንም አይዝም።

ሰውነት የሚጎዳው ጨዋታ ግማሹ ድሮም የነበረ ነው። በሚሄድ አይሱዙ ኋላ መንጠልጠል፣ ርችት በእጅ ይዞ መለኮስ፣ የቡሄ ጅራፍ ሰው ፊት አጠገብ ማጮህ፣ ክረምት ሲገባ የድንጋይ ካባ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ መዋኘት። የመጨረሻውን ለልጅ ስታስረዱ «ትሰምጣለህ» ብቻ አትበሉ፣ ምክንያቱን ንገሩት። የካባ ውሃ እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ዳሩ ተቆርጦ የወረደ ገደል ነው። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ለመውጣት የሚያዝ ነገር የለም፣ ውሃው ደፍርሶ ጥልቀቱ አይታይም። አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ጓደኛው ቢገባበት ተከትሎ እንዳይዘል። ረጅም እንጨት፣ ገመድ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወርውርለት፣ ጮሆ ሰው ይጥራ። ባዶ ጄሪካን ሰው ያንሳፍፋል፤ በየሰፈሩም አይጠፋም።

አዲሱ ነገር ካሜራው ነው። ድሮ ጉራውን የሚያዩት 5 የሰፈር ልጆች ነበሩ፤ አሁን ተመልካቹ ቁጥር የለውም፤ በቪዲዮ እየቀረጹ «አንተም ሞክረው» የሚባባሉበት «ቻሌንጅ» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ቪዲዮው ላይ የሚወጣው ደግሞ የተሳካለት ብቻ ነው፤ የተጎዳው ልጅ ሆስፒታል ስለገባ ቪዲዮ አይለጥፍም። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለልጃችሁ ንገሩት፤ የ10 ዓመት ልጅ በደንብ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ጠንቅቃችሁ ማወቅ ያለባችሁ ትንፋሽ አሳጥሮ ወይም አንገት ተይዞ ራስን የመሳት «ጨዋታ» ነው። ከቲክቶክ በፊት የነበረ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ1995 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በዚህ ሳቢያ ሞተዋል ብሎ የለያቸው ልጆች 82 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 19 ነበር፣ ብዙዎቹ ወንዶች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ብቻቸውን ሳሉ የሞቱ። የወላጆቹ ሁኔታ ከተገለጸባቸው 42 ሞቶች በ39ኙ ወላጆች ስለ ነገሩ ጨርሶ አልሰሙም ነበር። አደጋው ለምን እንዲህ ከበደ? አንጎል ኦክሲጅን ሲያጣ ልጁ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ «በቃኝ» ብሎ ማቆም አይችልም። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ጉዳቱ አይመለስም። ቀለል ያለ፣ «ጥንቃቄ የተሞላበት» አደራረግ የሚባል ነገር የለውም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አንገት ላይ ያልታወቀ መስመር ወይም ሰንበር፣ በሙቀት ጊዜ እንኳን አንገት የሚሸፍን ልብስ፣ የዓይን መቅላት ወይም ዓይን ውስጥ ትናንሽ የደም ነጠብጣብ፣ ተደጋጋሚ ከባድ ራስ ምታት፣ ብቻውን ቆይቶ ሲወጣ መፍዘዝ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ቦታው የታሰረ ቀበቶ ወይም ሻርፕ። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ከተገጣጠሙ ግን በዚያው ቀን ጠይቁ። ምልክቶቹ ልጁ ራሱን ለመጉዳት ከማሰብም ሊመጡ ስለሚችሉ «ስትጫወት ነው?» ብላችሁ መልሱን በአፉ አታስገቡለት። «አንገትህ ላይ ያየሁት ምንድን ነው? አልቆጣህም፣ ማወቅ ነው የምፈልገው» ይበቃል። መኖር አስጠልቶት እንደሆነ ከጠረጠራችሁም በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

መድኃኒት ሌላው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ልጆች የአለርጂ መድኃኒት ከመጠን በላይ እየወሰዱ በቪዲዮ ስለመወዳደራቸው ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ተራ መድኃኒት ነበር። እኛም ቤት ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተርፎ የቀረ ኪኒን አይጠፋም። ይህ ወሬ አያስፈልገውም፤ ቆልፉበት።

ስም አትጥሩ፣ ቪዲዮም አታሳዩ

በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «ሞሞ» የተባለች አስፈሪ ፊት ልጆችን ራሳቸውን እንዲጎዱ ታዛለች የሚል ማስጠንቀቂያ ዓለምን አዳረሰ። ምስሉ የጃፓን የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነበር፣ ወሬው የፈጠራ። ልጆቹ ግን በእርግጥ ፈርተዋል፤ ምስሉን ያዩት ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ካሰራጩት ማስጠንቀቂያ ነው። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «ለሁሉም ወላጅ አድርሱ» የሚል ሲመጣ ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት ይህችን ፊት አስታውሱ።

ለልጅ ስታወሩም ልጁ ያልሰማውን ቻሌንጅ በስም ከጠራችሁት ማታውን ይፈልገዋል፤ እንዴት እንደሚሠራ ከነገራችሁት ደግሞ አስተማራችሁት ማለት ነው። ስለ ስሙ ሳይሆን ስለ ዓይነቱ አውሩ፦ «ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ የማይበላ ነገር የሚያስውጥ፣ ከከፍታ የሚያዘልል፣ እሳትና መኪና ያለበት ጨዋታ ሁሉ ከአንድ ወገን ነው።» የዚህ ወር ቻሌንጅ በሚመጣው ወር ስሙን ይቀይራል፤ ዓይነቱን የያዘ ልጅ አዲሱንም ያውቀዋል።

ጊዜና ቦታ

ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ለልጅ ችሎት ነው። ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ እጃችሁ ሥራ ይዞ አውሩ፦ ከትምህርት ቤት በእግር ስትመለሱ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ልብስ ስታጥፉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ ቢደጋገም ከአንድ የግማሽ ቀን ስብከት ይሻላል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ግን ፈጽሞ አታንሱት። ሰው ፊት የተጠየቀ ልጅ ወይ ይዋሻል ወይ ያፍራል፤ ከዚያ ወዲያ እናንተ ፊት አፉን ለመክፈት ወራት ይፈጅበታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሌላ ሰው ይሁን። «አንተ ታደርጋለህ?» ከሆነ መልሱ «አላደርግም» ነው፣ ወሬውም ያበቃል። «ክፍላችሁ ውስጥ ሰሞኑን ምን ዓይነት ቻሌንጅ ነው ያለው?» ሲባል ግን ልጅ ይናገራል፤ የ«አንድ ልጅ» ታሪክ አድርጎ የራሱን የሚያወጣም ብዙ ነው። «እሱ ልጅ አንተ ነህ አይደል?» ብላችሁ አትያዙት። «ያ ልጅ ምን ቢደረግለት ይሻለው ነበር?» ብላችሁ ቀጥሉ።

ከ5 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ ሁለት ሕግ ይበቃዋል፦ የሚያስፈራ ነገር ስልክ ላይ ሲመጣ ስልኩን ገልብጦ አስቀምጦ ለእማዬ ወይም ለአባዬ መናገር፤ «ለማንም አትንገር» የሚል ሰው ሲገጥመው ደግሞ የግድ መናገር። በዚህ ዕድሜ ምክንያት አታብዙ።

ከ9 እስከ 12 ያለው ከሁሉ የሚያሳስበው ዕድሜ ነው፤ ድፍረቱ መጥቷል፣ ፍርዱ ገና አልመጣም። ለዚህ ልጅ ማምለጫ ስጡት። «እምቢ በል» ማለት ቀላል ነው፤ 6 ጓደኛ ከብቦ «ፈሪ!» ሲለው እምቢ ማለት ግን ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። ስለዚህ በእናንተ እንዲያሳብብ ፍቀዱለት፦ «እናቴ ስልኬን ማታ ማታ ታያለች፣ ትገለኛለች በል። እኔ ላይ ጣለው፣ አልቀየምም።» ሌላው የምስጢር ቃል ነው። ልጁ ካለበት ሆኖ «ሽሮ ወጥ አለ?» ብሎ ሲልክ ወይም ሲደውል ወላጅ ወዲያው መልሶ ደውሎ ጮክ ብሎ «አሁኑኑ ወደ ቤት ና!» ይላል። ልጁ እያጉረመረመ ይመጣል፣ ክብሩም አይነካም። የዚህ ቃል ዋጋ የሚኖረው ቤት ሲደርስ የመስቀለኛ ጥያቄ ካልጠበቀው ነው። በዚያ ማታ «መጣህልኝ» ብቻ በሉት፤ ዝርዝሩን ነገ ጠይቁ።

ከ13 በላይ ከሆነ መንገር ሳይሆን መጠየቅ። «አንድ የማታውቂው ሰው በቴሌግራም ቢያወራሽ ውሸታም መሆኑን በምን ትለዪዋለሽ?» ብሎ ከእሷ መማር ይቻላል። ይህንን ግን ሳትነግሯት አትለፉ፦ ቆንጆ ልጅ መስሎ ቀርቦ ፎቶ ካስላከ በኋላ «ገንዘብ ካልላክሽ ለቤተሰብሽ እበትነዋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ በብዙ አገር የሚሠራበት ማጭበርበር ነው፤ ወንድ ልጆችም ዋና ዒላማ ናቸው። አካሄዱ ሁሌም ይመሳሰላል፦ ብዙ ሙገሳ፣ ከጨዋታው ወይም ከቲክቶክ ወደ ሌላ አፕ እንሂድ ማለት፣ ምስጢር ይሁን ማለት፣ መጀመሪያ የራሱን የሚመስል ፎቶ መላክ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ወንድ ልጅ «እኔን ማን ይነካኛል» ስለሚል ለእሱም በዚያው ልክ ንገሩት።

ስልኩን አብራችሁ አስተካክሉ

ከልጁ ተደብቃችሁ አትፈትሹ፤ ያገኛችሁትን ለመናገር መደበቃችሁን ማመን ሊኖርባችሁ ነው። አንድ ቅዳሜ 40 ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡ። ልጁ ስልኩን ይያዝ፣ እናንተ ጠይቁ።

ቴሌግራም የወላጅ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ስለዚህ ያላችሁ መከላከያ ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ» በሚለው ሥር ያለው ነው። ስልክ ቁጥርን ማን ያያል የሚለው «ኖባዲ»፣ ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውና ጥሪው «ማይ ኮንታክትስ» ይሁኑ። የግሩፑ ካልተቀየረ ማንም ሰው ልጁን ሳይጠይቅ 20,000 ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ይጨምረዋል። ከዚያ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። በመጨረሻ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ፣ የይለፍ ቃሉ ሲረሳ መመለሻ የሚሆነው ኢሜይል የወላጅ ይሁን።

ቲክቶክ ላይ የሚያሳስበው የተመዘገበው የትውልድ ዓመት ነው። አፑ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ለ13 እስከ 15 ዓመት ደግሞ አካውንቱን በራሱ ዝግ ያደርገዋል፣ የግል መልእክትም ይከለክላል። የ11 ዓመት ልጅ «1998» ብሎ ከተመዘገበ አፑ የሚያውቀው ጎልማሳ ነው፤ ከእነዚህ ጥበቃዎች አንዱም አይደርሰውም። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ፓሌርሞ ላይ አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ከሞተች በኋላ የጣሊያን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ቲክቶክ ዕድሜያቸው ያልተረጋገጠ ተጠቃሚዎችን እንዲያግድ ያዘዘው ይህንን ቀዳዳ አይቶ ነው። ልጁ 13 ከሞላው በትክክለኛ ዕድሜው አዲስ አካውንት ክፈቱ፣ በ«ፋሚሊ ፔሪንግ» ከራሳችሁ አካውንት ጋር አያይዙት።

ፕሌይ ስቶር ውስጥ ሴቲንግስ፣ ፋሚሊ፣ ፓረንታል ኮንትሮልስ ብላችሁ ፒን አስገቡ። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ያቆማል። ችግሩ እኛ ሰፈር አፕ በፕሌይ ስቶር ብቻ አይመጣም፤ በዜንደርና በቴሌግራም ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ፒኑም አይነካውም። ስለዚህ የስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» የሚለውን ፈልጋችሁ ለሁለቱም ዝጉ።

ፍሪ ፋየርና ፐብጂ የሚጫወት ልጅ «ነፃ ዳይመንድ» ወይም «ነፃ ዩሲ» (በጨዋታው ውስጥ እንደ ገንዘብ የሚያገለግሉ ናቸው) የሚል ሊንክ ይመጣለታል። ሊንኩ የሚፈልገው የአካውንቱን የይለፍ ቃል ወይም በመልእክት የሚመጣ ኮድ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ በመልእክት የመጣ ኮድ ለማንም፣ ለጓደኛም፣ «የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ» ላለም አይሰጥም። የቴሌብር ፒናችሁን ልጁ ካወቀው ዛሬ ቀይሩት። ሱቅ ልካችሁ ክፈል ብላችሁት ያወቀው ፒን ነው አብዛኛውን ጊዜ ዳይመንድ የሚገዛው፤ ስርቆት ሳይሆን የእናንተ ስንፍና ነው ብንል ይሻላል።

ልጁ መጥቶ ሲናገር

የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ የቀረውን ይወስናል። «ለምን?» እና «አላልኩህም?» የሚሉትን ዋጡ። ሊባሉ የሚገባቸው፦ «እንኳን ነገርከኝ። አሁን ደህና ነህ? ሌላ ማን ያውቃል?» ስልኩን አትንጠቁ። ልጆች የሚደብቁት አብዛኛውን ጊዜ ቅጣቱ ስልክ መነጠቅ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው፤ ከነጠቃችሁት ማስረጃውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የሚያስፈራራ ሰው ካለ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ። ገንዘብ አትላኩ፤ የከፈለ ሰው በማግስቱ የበለጠ ይጠየቃል። ከማገዳችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ፦ የማስፈራሪያው ጽሑፍ፣ ቀኑ፣ ገንዘብ የጠየቀበት ቁጥር፣ እንዲሁም በ«ኤት» ምልክት የሚጀምረው የተጠቃሚ ስም። ከላይ የሚታየው መጠሪያ ስም በየደቂቃው ይቀየራል፣ ጥቅም የለውም። ቴሌግራም ላይ ያ ሰው ወሬውን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ስለሚችል አትዘግዩ። ሲክሬት ቻት ከሆነ ስክሪንሾት ላይሠራ ይችላል፤ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት። የልጁን የራቁት ፎቶ ራሱን ግን አትቅዱ፣ ለዘመድም ለ«ማስረጃ» ብላችሁም አትላኩ፤ የልጅን እንዲህ ያለ ምስል ማስተላለፍ ራሱ ወንጀል ነው። ከዚያ ሪፖርት አድርጉ፣ አግዱ፣ ወደ ፖሊስ ሂዱ። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ይዘት ያለው ድርጊትንም፣ በኮምፒውተር ማስፈራራትንም ይቀጣል፤ ጣቢያ ላይ «የልጆች ጨዋታ ነው» ከተባላችሁ የአዋጁን ቁጥር ጥሩ። ከ18 ዓመት በታች የተነሳ ፎቶ እንዳይሰራጭ «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው ነፃ አገልግሎት ይረዳል፤ ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፣ የሚላከው ዲጂታል አሻራው ብቻ ነው። እስራኤል ያላችሁ 105 ደውሉ፣ ለልጆች የኢንተርኔት ጥቃት የተቋቋመ መሥመር ነው። እንግሊዝ ያለ ልጅ ራሱ 0800 1111 መደወል ይችላል፤ አሜሪካ 988 በጭንቀት ላይ ላለ ሰው ነው።

ራሱን ስቶ ካገኛችሁት ደግሞ ወሬ የለም። አንገቱ ላይ ያለውን አውልቁ፣ ጮሃችሁ ሰው ጥሩ። ካልተነፈሰ ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ ተጫኑ፤ በየ30ው 2 ጊዜ ተንፍሱለት፣ ካልቻላችሁ መጫኑን ብቻ ቀጥሉ። ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ (ኢትዮጵያ ውስጥ 907)፣ አምቡላንስ ከዘገየ መኪና ይፈልግ። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ሳያየው አይደር።

ወላጅ ሩቅ አገር ሲሆን

እናት ቤይሩት ወይም ሪያድ፣ ልጅ ከአያቱ ጋር ደሴ ሲሆን ስልኩን መንጠቅ ማለት እናቱን መንጠቅ ነው። አያት ስለ ቲክቶክ እንድታውቅ አትጠብቁ፤ የእሷ ድርሻ ስልኩ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ እሷ ክፍል እንዲያድር ማድረግና አንገቱን፣ ዓይኑን፣ ምግቡን ማየት ነው። ጥያቄውን እናት በቪዲዮ ትጠይቅ፣ ልጁ ብቻውን ሲሆን፣ «ትምህርት እንዴት ነው»ን አስቀድማ ሳይሆን «ዛሬ ምን አሳቀህ?» ብላ።

ውጭ አገር አብረው የሚኖሩትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ልጁ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ ለወላጁ የሚተረጉም ከሆነ ስለራሱ የተጻፈውንም የሚተረጉመው እሱ ነው። ስለ ስልክና ስለ ባህርይ የመጣ ደብዳቤ ሲሆን ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ።

ተቆጥታችሁ፣ መትታችሁም ከሆነ

በር አልተዘጋም፤ መክፈቱ ግን የእናንተ ተራ ነው። አንድ ሁለት ቀን አሳልፉና በአጭሩ፦ «የዚያን ዕለት የጮህኩት ስለፈራሁ ነው። መጮሄ ልክ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ስትነግረኝ መጀመሪያ እሰማሃለሁ።» «ግን አንተም…» ብላችሁ አትቀጥሉበት። ልጁ «ምንም» ብሎ ዝም ካለ አትጫኑት፣ በሳምንቱ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስለ ክፍል ጓደኞቹ እንደገና ጠይቁት።